ኦቦ አማን የከተቱት ሰርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘሀራ የፕላስቲክ የውሃ ታንከር ገዝታ አስመጣችልኝ። የአሰላ ቧንቧ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ሳምንት ይጠፋል፤ እሷም በዚህ ዕድሜዬ ጀሪካን ስጎትት ማየት ሰልችቷታል። ጎረምሶቹ ታንከሩን ከመኪናው አውርደው ግቢው መሐል አቆሙትና «ይኸው ተረከቡን» አሉ። ክዳኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። «ባዶውን ነው እንዴ የምታስረክቡኝ?» አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው መሆኔን እንኳ አያውቁም። እነሱ እንደወጡ እጄ ሳላዘው ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ሰርዶ ነጭቶ ታንከሩ ውስጥ ጣለ። ዘሀራ በረንዳ ላይ ሆና ታየኝ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ነካህ? ውሃውን እኮ ያገማዋል» አለችና እጅጌዋን እየሰበሰበች ወደ ታንከሩ መጣች።

መልሱ ረጅም ነው፤ ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሟች እናቷ እንኳ አልነገርኳትም። እንግዲህ ዘንድሮ ካልጻፍኩት መቃብር ይዤው መግባቴ ነው።

ጊዜው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እኔ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነኝ፤ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር ኦቦ አማን የሚባሉ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ እሠራ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ምሳዬን ያበሉኝ፣ ጥፊም ሲያስፈልግ ያላጎደሉብኝ እሳቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ቆርቆሮ በዓይናቸው ለክተው ሲቆርጡ ቅንጣት አይስቱም። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው። አዲስ ዕቃ ባዶውን ከሱቃቸው አይወጣም። የቅቤ ጣሳ ከሆነ ውስጡን በጣታቸው ቅቤ ያስነኩታል፣ የእህል ማስቀመጫ ከሆነ እፍኝ ገብስ ይጥሉበታል፣ ሌላ ሲታጣ ለምለም ሰርዶ ቋጥረው፣ ዱዓ አድርገው፣ እፍ ብለውበት ይከቱታል። በእኛ አገር የጎረቤት ሳህን እንኳ ባዶውን አይመለስም፤ እሳቸው ደግሞ ነገሩን አጥብቀው ይዘውት ነበር። ደንበኛው ቤቱ ሲደርስ ሣሩን ያወጣዋል፣ ፈገግ ይላል፣ ይመርቃቸዋል። ማንም ተጎድቶበት አያውቅም።

በዚያ ዘመን ሚስተር ቶም የሚባል አንድ አውስትራልያዊ አብራሪ አሰላ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን አለችው። በእሷ እየበረረ በትልልቆቹ የስንዴ እርሻዎች ላይ የተምች መድኃኒት ይረጫል። ፀጉሩ ቀይ፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ሲስቅ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰውዬ ነው። ሱቃችን እየመጣ የተሰበረ ነገር ያስበይዳል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም አይሄድም፤ በርጩማ ስቦ ከኦቦ አማን ጋር ጭኮ ይበላል። ጭኮ ለማያውቅ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ የእኛ የአርሲዎች ምግብ ነው፤ አንዴ የቀመሰው አይላቀቅም። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የለም። የእሱ አማርኛ ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ የኦቦ አማን እንግሊዝኛ «ኦኬ» ብቻ ነው፤ ሲቸግራቸው እኔ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስተረጉምላቸዋለሁ። ግን እንደ አባትና ልጅ ነበሩ፤ እኔ እንኳ አንዳንዴ እቀና ነበር።

መስከረም ላይ ቶም ሥራው ማለቁን ነገረን። አገሩ መግባት ይፈልጋል። አውሮፕላኗን ሽጣት ቢሉት እምቢ አለ። «ቤቴም ከብቴም እሷ ናት» አለኝ፤ አርሲ ተቀምጦ የተማረው አነጋገር መሆኑ ነው። እናም በዚያች ፌንጣ በምታክል ነገር የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ ሊሄድ ነው። ካርታውን የሥራ ጠረጴዛችን ላይ፣ በመዶሻውና በመቀሱ መሐል ዘረጋው። ከሞምባሳ እስከ ሲሼልስ ሰማያዊ ብቻ ነው። ከሲሼልስ በኋላም ሌላ ሰማያዊ አለ፤ ያኛው ይብሳል። የክንፎቹ ቤንዚን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቶ በቦታቸው ተጨማሪ ታንክ ማስቀመጥ አለበት፤ ታንኩን የምንሠራው ደግሞ እኛ ነን።

ሦስት ሳምንት ሠራነው። ወላሂ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አድርጌ የበየድኩት ዕቃ የለም። ቤንዚኑ ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ ውስጡን በሁለት ግድግዳ ከፈልነው፤ ግድግዳዎቹን ከሥራቸው በሳናቸው። ከታች ትንሿ ጣቴ የምትገባበት አንዲት መውጫ አበጀንለት፤ ከእሷ ጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። መውጫዋ ላይ ወንፊት እናድርግ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ቶም አያስፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቤንዚን ሲሞላ በስስ ቆዳ ሁለት ጊዜ ነው የሚያጠልለው፤ ቅቤ የምታነጥር ሴት እንኳ እንደሱ አትጠነቀቅም። በእሱ ታንክ ከቤንዚን በቀር ምንም ገብቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አሠራሩንም አስረዳኝ። መጀመሪያ የክንፎቹን ይጨርሳል፤ ውቅያኖሱ መሐል ሲደርስ የእኛን ታንክ ይከፍታል።

«የእኛው እምቢ ቢልስ?» አልኩት።

መዳፉን ካርታው ላይ፣ ሰማያዊው ላይ አሳረፈ።

የሄደው ጥቅምት ውስጥ በአንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ የጭላሎ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አውሮፕላኗ በምትነሣበት ሜዳ ዳር ያለው ገብስ መቅላት ጀምሯል። ታንኩ ቦታው ተቀምጧል፤ ግን ባዶውን ነው። አሰላ ከፍታ ስለሆነች አውሮፕላኗ ከባድ ጭነት ይዛ አትነሣም፤ ቶም ታንኩን የሚሞላው ሞምባሳ ደርሶ ነው። እዚያ ሁለት ቀን ያርፍና ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ባሕሩን ይጀምራል። እኔና እሱ ለክንፎቹ የሚሆነውን የቤንዚን በርሜል ከመጋዘኑ እያንከባለልን ስናመጣ ኦቦ አማን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በቆርቆሮ ጣሳ ጭኮ ይዘው አውሮፕላኗ አጠገብ ቆመው ነበር። ቶም እጃቸውን ሳመ። እሳቸው ትከሻውን ይዘው «ነጋን ገሊ» አሉት፤ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። አውሮፕላኗ ሜዳውን ጨርሳ በባሕር ዛፎቹ ጫፍ ለጥቂት አለፈችና ወደ ደቡብ ዞረች። ድምጿ እስኪጠፋ ቆመን አየናት።

ምሳ ሰዓት ሱቃችን ውስጥ ቂጣ በእርጎ እየበላን ነበር። ኦቦ አማን ደስ ብሏቸዋል፤ ሲደሰቱ ጢማቸውን ይጎትታሉ።

«ታንኩን እኮ ባዶውን ልትሰዱት ነበር» አሉኝ። «እኔ እያለሁ? እናንተ በርሜል ስታንከባልሉ ሰርዶ ቋጥሬ ከተትኩለት። ጠል ያልለቀቀው፣ ለምለም።»

ክው አልኩ። ቂጣው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዓይኔ ላይ የመጣው ያቺ ትንሿ ጣቴ የምትገባባት መውጫ ናት። ሰርዶ እንደ ሌላ ሣር አይደለም፤ ጅማት አለው፣ አይበጠስም፣ ቤንዚን ውስጥም አይሟሟም። ቤንዚኑ ሲጎድል ሣሩ ወደ መውጫዋ ይሳባል። ያ የሚሆነው ደግሞ የክንፎቹ ቤንዚን ካለቀ በኋላ ነው፤ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ ብቻ ባለበት።

«ምነው፣ ኢልማ ኮ? ትን አለህ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ምንም አልሆንኩም አልኩ። የብየዳ እርሳስ አልቆብናል፣ ናዝሬት ደርሼ ልምጣ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸውን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋቸው። ብነግራቸው ምን ያደርጉ ነበር? ያንን የሚወዱትን ሰው በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ዱዓቸው ገደሉት ማለት እኮ ነው። አፌ እሺ አላለኝም።

ሮጬ አሰላ ቴሌግራም ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው የስልኩን እጀታ አንሥቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፤ ጭጭ ያለ ነው። ኢተያ አካባቢ ባሕር ዛፍ ሽቦው ላይ ወድቆ መስመሩ ከትናንት ጀምሮ ተቋርጧል። መገናኛ ሬዲዮ ወደነበራቸው የእርሻ ፕሮጀክት ፈረንጆች ግቢ ሮጥኩ። ባለ ሬዲዮው ክፍሉን ቆልፎ ለሥራ ሮቤ ወርዷል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው። መስኮቱን ሰብሬ ልግባ ብዬ አስቤ ነበር፤ ገብቼስ ምን ላደርግ፣ የትኛውን ቁልፍ ልጫን?

ገብስ ጭኖ ወደ ናዝሬት የሚወርድ መኪና መንገድ ላይ አስቆምኩ። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ የሞተ ሰው አለ ብሎ መሰለኝ፣ ሳይከራከር አስገባኝ። ቁሉምሳን አለፍን፤ ኢተያን አለፍን። ሽቦው ላይ የወደቀውን ዛፍ በዓይኔ አየሁት። ሁለት ሰዎች በመጥረቢያ ቀስ እያሉ ቅርንጫፉን ይመለምላሉ፤ አንዱ ቆሞ ያወራል። ወርጄ መጥረቢያውን ልቀማው ምንም አልቀረኝም። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ብርዱ ለቀቀ፣ አቧራና ሙቀት ተተካ። በልቤ የታንኩን ግድግዳዎች እየቆጠርኩ ሣሩ የትኛው ክፍል ውስጥ ወድቆ ይሆን እላለሁ። መጀመሪያው ውስጥ ከሆነ ሁለት ቀዳዳ ማለፍ አለበት፤ ምናልባት ይያዝ ይሆናል። መውጫዋ ያለችበት መጨረሻው ውስጥ ከሆነ ቶም አለቀለት። ቀዳዳዎቹን የበሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ጠበብ አድርጌያቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እጄን ረገምኩ።

ዴራ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው ሻይ እየጠጣ ነበር። ሻዩን ጨርሶ፣ ብርጭቆውን ለባለቤቱ መልሶ፣ እጁን ታጥቦ መጣ። ለመንኩት። የሰው ነፍስ ነው አልኩት። የማን ነፍስ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ሰማይ ላይ ያለ ፈረንጅ ታንኩ ውስጥ ሣር ገብቶበት ብለው ዕብድ ነው የሚለኝ። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩና ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። ጎሚስታው ሲያየኝ ከዚያ በኋላ ፈጠን አለ፤ አላህ ይስጠው።

ናዝሬት የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቴሌግራም ቤቱን አንዲት ወጣት ሴት ከውጭ ልትቆልፈው ቁልፉን ይዛለች። አነጋገሯ የጎጃም ነው፤ ለሥራ ተመድባ የመጣች። ነገ ጠዋት ና አለችኝ። መንገዷ ላይ ቆምኩባት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ኦቦ አማን፣ ስለ ሰርዶው፣ ስለ ውቅያኖሱ። ለካ ለማንም አልተናገርኩም ስል ተሳስቻለሁ፤ ለእሷ ተናግሬያለሁ። እሷም በሩን መልሳ ከፈተች።

የሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ ብለን በእንግሊዝኛ ጻፍን። እኔ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን አወጣሁ፣ እሷ አቃናችው። «ቶም። ታንኩ ውስጥ ሣር አለ። ሳታወጣ እንዳትበር። መልስ ላክ። ከድር።» በአዲስ አበባ በኩል፣ ከዚያ በናይሮቢ በኩል አስተላለፈችው። ሲያልቅ ይደርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ይደርሳል ብዬ አልዋሽህም» አለችኝ። «ግን ልኬዋለሁ። ቅዳሜ ከሆነ የሚነሣው፣ ሁለት ቀን አለህ።»

ሁለት ቀን አለኝ እያልኩ ተመለስኩ። እርሳስ መግዛት ግን ረሳሁ። ኦቦ አማን ባዶ እጄን አይተው ወደ መዶሻቸው ተመለሱ።

መልስ አልመጣም። ዓርብም፣ ቅዳሜም አልመጣም። የአሰላው መስመር ከተጠገነ በኋላ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት ቴሌግራም ቤት እሄዳለሁ። ጸሐፊው ሰልችቶት ከሩቅ ሲያየኝ ገና በእጁ የለም ይለኛል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሁን የክንፎቹ አለቀ፣ አሁን ቧንቧውን ከፈተ፣ አሁን ሞተሩ ሳለ እያልኩ ሱቅ ውስጥ እዞር ነበር። የጋለው የብየዳ ካዊያ እጄን ጠበሰኝ፤ አልተሰማኝም። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት ከዕድሜዬ የተቆረጡ ናቸው። ምግብ አይወርድልኝም፣ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፤ መስጊድ ሄጄ ስሰግድ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ የማየው ውሃ ነው። ከሁሉም የከፋው ኦቦ አማን ናቸው። በየማለዳው ሱቅ ሲከፍቱ «ቶም ጻፈ?» ይሉኛል፤ አልጻፈም ስላቸው «ግድ የለም፣ ሰርዶው አብሮት ነው» ብለው ያጽናኑኛል። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ መሰላችሁ። በልቤ ግን ጠላኋቸው፤ የጠላኋቸውን ያህል ደግሞ አሳዘኑኝ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ደብዳቤ መጣ። ቴምብሩ ላይ ዓሣ ነበር። ጽሑፉ የቶም መሆኑን ሳውቅ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ደርሷል። ሲሼልስ ነው ያለው፤ ለቀጣዩ ባሕር ደኅና ነፋስ እየጠበቀ ሳምንታት ቆይቷል። ሞምባሳ ሲደርስ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ አለ ስለተባለ ሁለት ቀን ማረፉን ትቶ በማግስቱ ሐሙስ ጎሕ ላይ ተነሥቷል። ቴሌግራሜ ሞምባሳ የገባው እሱ ባሕር ላይ እያለ ነው፤ የማረፊያው ሰዎች በኋላ በፖስታ ልከውለት ደረሰው። ታንካችሁ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ፣ ለአፍታ እምቢ ሳይል ወሰደኝ ይላል። ውቅያኖሱ ላይ ጭኮውን በጣቱ ሲበላ እንደነበር ጽፏል። ቴሌግራሜን አንብቦ ታንኩን ሲከፍት ግን ሣሩን አገኘው፤ ከመውጫዋ አንድ ጣት ርቀት ላይ፣ ቋጠሮው እንዳለ። ማን እንደከተተው አልጠይቅም አለ። በመጨረሻም እንዲህ ይላል፦ «አውጥቼዋለሁ። አሁን ታንኩ ንጹሕ ነው። ሰኞ ወደ ምሥራቅ እነሣለሁ። አገሬ ስደርስ እጽፋለሁ።»

እየሮጥኩ ሱቅ ገባሁ። ኦቦ አማን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ቁርዓን እንደሚሰማ ሰው ተቀመጡ። አነበብኩላቸው። ሣሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ሰርዶውን አገኘሁት ይላል» አልኳቸው። «ከእኔ ጋር ነው፣ አገሬ እወስደዋለሁ ይላል።»

እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ የደስታ ነበር፣ ተረፍን ብዬ።

ሁለተኛው ደብዳቤ አልመጣም።

ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። የካቲት ላይ አገሩ ተናወጠ፤ እኔም ፖስታው በግርግሩ ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። ያገኘሁትን ፈረንጅ ሁሉ ጠየቅሁ። ስለ እሱ የሰማ የለም። እስከ ዛሬ ድረስ ደረሰ የሚል አልመጣም፣ ወደቀ የሚልም አልመጣም። እኔ ሞተር ምን እንደሆነ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እርጥብ ሣር አውሮፕላን አያበርም፤ ያወጣውም ማውጣት ስላለበት ነው። ግን ከሰርዶው ጋር አንዱን ባሕር ተሻገረ። ቴሌግራም ልኬ አስወጣሁበትና ሌላኛው ባሕር ላይ ጠፋ። ይህን ሒሳብ ሃምሳ ዓመት ሠራሁት፤ አንድም ቀን አልወጣልኝም።

ኦቦ አማን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመሙ። መነሣት ባቃታቸው ሰሞን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ቶም ጻፈ?» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ያንኑ ደብዳቤ አመጣሁ። እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ፊት ለፊታቸው ዘርግቼ አገሩ በሰላም ገብቷል፣ አግብቷል፣ ወንድ ልጅ ወልዷል እያልኩ ያልተጻፈውን አነበብኩላቸው።

«ሰርዶውስ?» አሉኝ።

«አብሮት ነው» አልኳቸው።

«ኦኬ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቶም አልጠየቁኝም።

እኔ ግቢው መሐል ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ዘሀራ ታንከሩ ላይ ተንጠልጥላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታለች። ጣቷ ግድግዳውን ሲጭር ይሰማኛል። «ደረስኩበት» አለች። ያኔ ነው ከሐሳቤ የነቃሁት። ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ሳይታወቀኝ አጥብቄ ይዣት ኖሮ ደንግጣ ዞራ አየችኝ።

«አታውጪው፣ ልጄ» አልኳት። «እባክሽ፣ አታውጪው።»

ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ቀስ ብላ ባዶ እጇን አወጣችና ክዳኑን ከደነችው።